በሰኔ የማይመሽ፣ በታኅሣሥ የማይነጋ፦ እንቅልፍ በፍራንክፈርት

ሰኔ አጋማሽ ላይ ፍራንክፈርት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኖም ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም (ሰዓቱን የምንጠቅሰው በሐበሻ አቆጣጠር ነው)። ሌሊት 11 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ደግሞ ተመልሳ ትወጣለች። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነግቶ፣ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመሻል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ማታውን ፀሐይ ታመጣለት ነበር፤ እዚህ ግን ራሱ ማሰናዳት አለበት።

አንጎላችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ። በየዕለቱ የሚያስተካክለው ከሁሉ በላይ በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይጨምርና ሰውነት ለእንቅልፍ ይሰናዳል፤ ደማቅ ብርሃን ይህን ያዘገያል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዩርገን አሾፍ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባቫሪያ፣ አንዴክስ ውስጥ ሰዎችን ፀሐይና ሰዓት በማይታይበት ከመሬት በታች ባለ ቤት አኑሮ አጥንቷል። የአብዛኞቹ ውስጣዊ ቀን ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም፣ መኝታቸው በየቀኑ እየዘገየ ይሄድ ነበር።

ይህን መዘግየት በየቀኑ የሚያርመው የጠዋት ብርሃን ስለሆነ፣ የማታው እንቅልፍ ዝግጅት ከጠዋት ይጀምራል። በብርድ ወራት ሰማዩ ቢደመንም እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ ይበልጣል። ከነጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት በማይን ወንዝ ዳር መራመድ ወይም ከትራም አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይጠቅማል። በሰኔ ደግሞ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሮላደኑን (የመስኮቱን ተጠቅላይ መዝጊያ) ማውረድ፣ መብራት መቀነስና ስልክን ከአልጋ ማራቅ ነው። ልጆች ላሏችሁ ይህ የግድ ነው፤ ፀሐይ እያዩ ተኙ ሲባሉ እሺ አይሉም።

ከሀገር ቤት ልማዶች እኔ በጣም የምወደውና እዚህም እንዲቀጥል የምመኘው ማታ እግርን በሞቀ ውኃ መታጠብ ነው። እንግዳን እግሩን አጥበው ያሳደሩ እናቶቻችን የሠሩት ትክክል ነበር። እንቅልፍ የሚመጣው የውስጥ አካላችን ሙቀት ሲቀንስ ነው፤ እግር ሲሞቅ ደግሞ የደም ሥሮቹ ይሰፉና ሙቀቱ በቆዳ በኩል ይወጣል። የስዊዘርላንዷ ባዝል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት እግራቸው የሞቀ ሰዎች ቶሎ እንደሚተኙ አሳይተዋል። እግራችሁን ታጠቡ፤ ክፍሉን ግን ቀዝቀዝ አድርጉት፣ 18 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

ስለ ቡና መናገር ይከብዳል፤ ግን ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እሑድ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው 4 ሰዓት ላይ ሲተኛ ግማሹ አብሮት አለ። «እኔን ቡና አይነካኝም» የሚል ሰው ቢተኛም እንቅልፉ ሊሳሳ ይችላል። ቡናው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በቀትር ይፈላ፤ ወጉም አይጎድልም።

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ የለም። በበረራ መስመር ሥር የምትኖሩ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አየር አስገብታችሁ መስኮቱን ዝጉ፤ ንጋት ላይ ድምፁ ይመለሳል።

ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት የምትገቡ፣ በመንገድ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጉ፣ ቤት ስትደርሱም አጨልሙ። ለሀገር ቤት ዘመዶችም የምትተኙበትን ሰዓት ንገሩ። በብርድ ወራት አዲስ አበባ በ2 ሰዓት ስለሚቀድመን፣ እነሱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲደውሉ እኛ ገና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነን።

ተኝታችሁ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ አልጋው ላይ አትታገሉ። ተነሥታችሁ በደብዛዛ መብራት ጸጥ ያለ ነገር ሥሩ፤ ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ። ችግሩ በሳምንት 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከዘለቀ፣ ወይም እያንኮራፋችሁ ትንፋሻችሁ ይቋረጣል ከተባላችሁ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ። ለእንቅልፍ ማጣት የጀርመን የሕክምና መመሪያ መጀመሪያ የሚመክረው ከክኒን በፊት የእንቅልፍ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክለውን የንግግር ሕክምና ነው፤ እሱን ጠይቁ።