የመሬት ውበትም ይመዘናል

ገበሬ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ለምነቱ፣ ስለ ውኃውና ስለሚሰጠው ምርት ነው። «ያምራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ዳሩ ግን የመሬት ውበት ዛሬ የሚመዘን ሀብት ሆኗል። ሚዛኑን ያላወቀ ማኅበር ደግሞ ሀብቱን ሌላ መዝኖ ይወስንበታል።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የመንግሥትን መሬት የሚያስተዳድር አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሥፍራ በሰባት ነገሮች ነጥብ ይሰጣል። እነዚህም የመሬቱ አቀማመጥ፣ ዕፅዋቱ፣ ውኃው፣ ቀለሙ፣ የአካባቢው ዕይታ፣ ብርቅነቱና የሰው እጅ ሥራ ናቸው። ድምሩ 19ና ከዚያ በላይ ሲሆን አንደኛ ደረጃ፣ ከ12 እስከ 18 ሁለተኛ፣ 11ና ከዚያ በታች ሦስተኛ ይባላል። ሌላው ዘዴ የሥፍራውን ፎቶግራፍ ለብዙ ሰዎች አሳይቶ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ማሰጠት ነው።

ከሰባቱ ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። የሰው እጅ ውበትን የሚቀንስበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የሚጨምርበትም አለ። ለዚህ ምስክሩ ኮንሶ ነው። የኮንሶ ገበሬዎች ከ400 ዓመታት በላይ ደረቁን ተዳፋት በድንጋይ ካብ እርከን እየሠሩ አርሰውታል። በአንዳንድ ሥፍራ ካቡ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። የተካበው አፈሩ እንዳይሸረሸር፣ የዝናቡም ውኃ ለማሽላው እንዲቆይ ነው እንጂ ለዕይታ አልነበረም። ሆኖም ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እንሰትና ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚለሙበት የጌዴኦ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

የሰሜን ተራሮች ታሪክ ግን ሌላ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። እርሻና ግጦሽ እየገፋ፣ የዋልያም ቁጥር እየተመናመነ በመሄዱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚያ የወጣው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። የውበትና የኑሮ ሒሳብ በጊዜው አብሮ ካልተሠራ ዕዳው በነዋሪው ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል? ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችን፣ እረኞችንና የትምህርት ቤቱን መምህር ይዞ ቀበሌውን በእግር መዞር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ምንጩ፣ የደብሩ ደን፣ ዋርካው፣ ገደሉና እርከኑ በየተራ ይመዝገቡ። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ሳይሰማ ነጥቡን ይስጥ፤ ከዚያ አማካዩ ይውጣ። ነጥቡ በጣም በተራራቀበት ሥፍራ ላይ ውይይት ይደረግ፤ እረኛው ያየውን መምህሩ ላያየው ይችላልና።

ይህ መዝገብ በተለይ የሚጠቅመው የድንጋይ ካባ ሊከፈት ወይም መንገድ ሊቆረጥ ሲታሰብ ነው። ድንጋዩ ከኮረብታው ጀርባ ሊወጣ እየቻለ ፊቱ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው። የተቆረጠ ዛፍ ሌላ ይተከልለታል፤ የተቆረጠ ኮረብታ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ምዘናው መዶሻው ከመነሣቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።