ሲቀመጡ ከፍ፣ ሲቆሙ ዝቅ፦ የደም ቅዳ መደደርና የአረጋውያን የደም ግፊት

በዕድሜ የገፋ ሰው ተቀምጦ ሲለካ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሊገኝ፣ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ደግሞ ግፊቱ አሽቆልቁሎ ዐይኑ ሊጨልምበት ይችላል። ሁለት ተቃራኒ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ እንዴት ይገናኛሉ? የመልሱን አንድ ክፍል የምናገኘው ከደም ቅዳ ግድግዳ የመለጠጥ ባሕርይ ነው።

ልብ ደምን የምትረጨው በተከታታይ ሳይሆን በየትርታው ነው። እንግሊዛዊው እስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው ሥራው ደም ቅዳዎችን ከዘመኑ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ጋር አነጻጽሮ ነበር። በፓምፑ ጋን ውስጥ የታመቀው አየር የውኃው ፍሰት እንዳይቆራረጥ ያደርጋል። ከልብ የሚነሣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታም፣ በትርታ ጊዜ ተለጥጦ ደም ያጠራቅማል፤ ልብ ስታርፍ ወደ ቦታው እየተመለሰ ደሙን ወደፊት ይገፋል።

ዕድሜ ሲጨምር በግድግዳው ውስጥ ያሉት የኤላስቲን ክሮች ይሰባበራሉ፤ ጫናውም ይበልጥ ግትር ወደሆነው ኮላጅን ይዛወራል። የደደረ ቧንቧ ትርታውን ስለማያለዝብ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ የሚያጠራቅመው ደም ስለሚያንስ የታችኛው ይወርዳል። 120/80 የነበረው ግፊት 160/70 ቢሆን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ40 ወደ 90 ሰፋ ማለት ነው። የትርታው ሞገድም ይፈጥናል፤ በወጣት አኦርታ ውስጥ በሴኮንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ የሚጓዘው በአረጋውያን ዘንድ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ደግሞ መቆምን እንመልከት። ስንቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም በስበት ኃይል ወደ ታችኛው የአካላችን ክፍል ይወርዳል። ከልብ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለው ግፊት በልብ ትይዩ ካለው በ23 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ያንሳል። በአንገት ደም ቅዳ ላይ ያሉ የነርቭ ጫፎች የግድግዳውን መለጠጥ እየተከታተሉ ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ ልብም ትፈጥናለች፣ ቧንቧዎችም ይጠባሉ። የደደረ ግድግዳ ግን የሚለጠጠው ጥቂት ስለሆነ መልእክቱ ይደክማል። ደምን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻም ከሳሳ ችግሩ ይብሳል፤ መውደቅና የአጥንት ስብራትም ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ የአረጋውያን ግፊት ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ቆመውም ሊለካ ይገባል። ከቆሙ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ ለሐኪም መንገር ያሻል። መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ከመኝታ ሲነሡ ጥቂት ቁጭ ብሎ ቀስ በቀስ መቆም፣ አቅም በፈቀደ መጠንም አዘውትሮ መራመድ ይጠቅማል።