ሸሪ፦ የምርት ዓመት የማይጻፍበት ወይን ጠጅ

ሸሪ በታሸገበት ጠርሙስ ላይ ወይኑ የተለቀመበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። በአንዲት ብርጭቆ ውስጥ የብዙ ዓመታት ምርት ተደባልቆ ስለሚገኝ የትኛው ዓመት ይጻፍ?

የሸሪ አገር ደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ነው፤ በሄሬዝ ዴ ላ ፍሮንቴራ፣ በሳንሉካር ዴ ባራሜዳና በኤል ፑዌርቶ ዴ ሳንታ ማሪያ ከተሞች ዙሪያ። አልባሪሳ የሚሉት ነጭ፣ ኖራማ አፈር ዝናቡን መጥጦ ያቆይና በደረቁ ወራት ፓሎሚኖ የተባለውን ነጭ ወይን ያጠጣዋል።

ጭማቂው ፈልቶ ወይን ጠጅ ከሆነ በኋላ ከወይን የተጣራ አልኮል ይጨመርበታል። አልኮሉ 15 በመቶ ገደማ ላይ ሲቆም ፍሎር የሚባል እርሾ በላዩ ነጭ ሽፋን ሠርቶ ይበቅላል። ፍሎር አየር ስለሚፈልግ 600 ሊትር የሚይዘው በርሜል እስከ 500 ሊትር ብቻ ይሞላል። ሽፋኑ ከሥሩ ያለውን ወይን ከአየር እየከለለ፣ ከአልኮሉም ከግሊሰሪኑም እየተመገበ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለውንና ስኳር የሌለበትን ፊኖ ይሰጣል። 17 በመቶ ከደረሰ ግን ፍሎር ይሞታል፤ ወይኑም አየር እያገኘው ይጠቁርና ኦሎሮሶ ይሆናል። ከአንድ ዘለላ እንዲህ የተራራቁ ሁለት መጠጦች መውጣታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በርሜሎቹ እንደያዙት ወይን ዕድሜ በደረጃ ይመደባሉ። ለሽያጭ የሚቀዳው ሶሌራ ከሚባለው ከአሮጌው ደረጃ ነው፤ እሱም ከፊሉ ብቻ። የጎደለው ከእሱ በሚያንሰው ደረጃ ይሞላል፣ የዚያም ጉድለት ከቀጣዩ፤ አዲሱ ምርት በመጨረሻው በኩል ይገባል። ልክ እንደ እንጀራ እርሾ ከቀድሞው ሁልጊዜ ጥቂት ይተርፋል። ሸሪን ከሌላው ወይን የሚለየው፣ እንደ እኔ፣ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ስሙ ብዙ ተጉዟል። አረቦች የሄሬዝን ከተማ ሸሪሽ ይሏት ነበር፤ እንግሊዞች ወይኗን ሲወዱ ሸሪ አሉት። ስሙ ሲገን በሌሎች አገሮች የተጠመቀውም በዚያው ስም ይሸጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1967 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሸሪ የሚለው ቃል ብቻውን የሄሬዝ ወይን መሆኑን ቢያውቅም፣ «የብሪታኒያ ሸሪ» የሚለው አጠራር ለረጅም ጊዜ ስለተሠራበት አልከለከለውም። ስፔን የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ከሆነች በኋላ፣ ከ1996 ጀምሮ፣ ያም ቀረ። የዘገየ ፍትሕ ነው እላለሁ። ሕጋዊ ስሙ ዛሬ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተያይዞ ይጻፋል፦ ሄሬዝ፣ ክሴሬስ፣ ሸሪ።