በናይሮቢ ገበያ ስለ አሮጌ ላንድሮቨር ራዲያተር

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ኪሪንያጋ የሚባለው መንገድ ለባለመኪና ሁሉ የታወቀ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ስሙ የግሮጋን መንገድ ነበረ፤ ብዙ ነጋዴዎችም እስከ ዛሬ ሰፈሩን ግሮጋን ይሉታል። ስሙ የተወሰደው ከ1898 እስከ 1900 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ተነሥቶ፥ ጕዞውን በአብዛኛው በእግሩ ፈጽሞ ካይሮ ከደረሰው ከእንግሊዛዊው ኢዋርት ግሮጋን ነው። በእግረኛ ስም የተጠራው ሰፈር ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሆኗል።

ከዚሁ ገበያ ራዲያተር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ አገሩን ማሰብ ይገባዋል። ከሞምባሳ የሚነሣ የተጫነ መኪና 480 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ዳገት ወጥቶ ነው ናይሮቢ የሚገባው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ናይሮቢ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩም ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ ኀይሉ ይቀንሳል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ስለዚህ ክዳኑ የላላ፥ የቬንቲሌተሩ ቺንጊያ የረገበ ወይም ቴርሞስታቱ የተጣበቀ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የራዲያተሩ ሳይሆን ራዲያተሩ ይከሰሳል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በመሙያው አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ቢወጣ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን መጠርጠር ነው፤ ያን ጊዜ ለአዲስ ራዲያተር የሚከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

ራዲያተሩ ራሱ መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሆዱ አሉሚኒየም፥ ላይና ታቹ ፕላስቲክ የሆነው አዲሱ ዐይነት ነው፤ ቀላል ነው፥ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለተኛው አሮጌውን የናስና የመዳብ ራዲያተር ፈትቶ፥ የላይና የታች ታንኮቹን አስቀርቶ፥ መካከሉን ብቻ በአዲስ ማስለወጥ ነው። ይህን ሥራ በናይሮቢ በስዋሒሊ «ጁዋ ካሊ»፥ ማለት «ብርቱ ፀሐይ»፥ የሚባሉት በየሜዳው የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ያውቁበታል። በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ላንድሮቨር ብረት በጠፋበት ጊዜ ስለ ተሠራ አካሉ አሉሚኒየም፥ ራዲያተሩ ግን መዳብና ናስ ነበረ፤ ዛሬ ነገሩ ተገላብጦ የራዲያተሩ ተራ ሆነ።

መኪናው ከከተማ የማይወጣ ከሆነ አዲሱን ዐይነት መግዛት አያስነቅፍም። ወደ ማርሳቢትና ወደ ሞያሌ ለሚሄድ ግን ናሱ ይሻላል። የኢሲዮሎና የሞያሌ መንገድ በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ቢለብስም፥ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሁሉ ዛሬም ድንጋይና አሸዋ ነው። እዚያ የተሰነጠቀን ፕላስቲክ የሚጠግን አይገኝም፤ ቀዳዳ ናስን ግን እሳትና የእርሳስ ብየዳ ያለው ማንም ባለሙያ ይደፍነዋል።

ሲገዙ የመኪናውን ስም መናገር ብቻ አይበቃም። የቀድሞ ሞተሩ ወጥቶ የጃፓን ናፍጣ ሞተር የገባበት ላንድሮቨር በኬንያ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አሮጌውን ራዲያተር ይዞ ሄዶ ቁመቱን፥ ወርዱን፥ ውፍረቱን፥ የቱቦዎቹን አፍ ስፋትና አቅጣጫ፥ የብሎኖቹንም ቀዳዳ ማመሳሰል ይገባል። ሻጩም አፎቹን ደፍኖ፥ ውሃ ውስጥ ነክሮ፥ አየር ነፍቶ ያሳይ፤ አረፋ ካየ ገዢው ገንዘቡን አይክፈል።

የመግጠሙ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ሰው ያቃጥላል። አሮጌው ውሃ ከወጣ በኋላ የሞተሩ ሆድ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህ ከታለፈ የቀረው ዝገት የአዲሱን ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። የተሰነጣጠቁ የጎማ ቱቦዎች ከነማጥበቂያቸው ይለወጡ። ሻንሲው በጕድጓድ ላይ ሲጣመም ራዲያተሩን እንዳይሰብረው ከሥሩ የሚገቡት የጎማ ትራሶችም አይረሱ፤ ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት ይህን ነው። ክዳኑም መኪናው ሲሠራ የተወሰነለትን ግፊት የሚይዝ ይሁን፤ ከዚያ የበረታ ክዳን የአሮጌውን ናስ ብየዳ ይከፍተዋል።

ናይሮቢ ውሃ አይረጋም ብሎ ፀረ በረዶውን ፈሳሽ የሚተው አለ። ፈሳሹ ዝገትንም ስለሚከላከል፥ በተለይ ለአሉሚኒየም፥ መተው አይገባም፤ በሰሜን ባሉ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃዎች ፈንታም ከከተማ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን መያዝ ይሻላል። ፈሳሹ መርዝ ሲሆን ጣፋጭ ስለ ሆነ፥ የፈሰሰው ከብትና ውሻ እንዳይልሰው ወዲያው ይነሣ። ራዲያተሩ በዝግታ ተሞልቶ፥ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሞተሩ ሠርቶ፥ በነጋታው ሲበርድ የጐደለው ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት ጭነት አይጫንም።