ስሙ የሱቁ፣ ቁልፉ የሌላ ሰው፦ አነስተኛ ነጋዴዎች በድረ ገጽና በኢሜይል ላይ የሚገጥማቸው ፈተና

ደብረ ማርቆስ፦ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ኾኖ ማር፣ ማኛ ጤፍ ወይም በእጅ የተሸመነ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ በሀገር ውስጥ ያለ ደንበኛውን በቴሌግራም ያገኘዋል፤ ክፍያውንም በ2013 ዓ.ም ግንቦት ወር ሥራ በጀመረው ቴሌብር ይቀበለዋል። ድረ ገጽና ኢሜይል በብርቱ የሚያስፈልጉት ደንበኛው ባሕር ማዶ ሲኾን ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለበዓል ልብስ ሲያዝዝ የታወቀ አድራሻ፣ የዋጋ ዝርዝርና በጽሑፍ የተሰጠ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ድረ ገጽ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ዶሜን የሚባለው ስም ነው። ሁለተኛው ሆስቲንግ ሲኾን፣ የገጹ ጽሑፍና ምስል የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ ማለት ነው። ሁለቱም በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ክፍያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ለውጭ ድርጅቶች በዶላር ይፈጸማል። ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ የሌለው ነጋዴ ገጹን የሠራለት ባለሙያ ወይም ውጭ ያለ ዘመዱ እንዲከፍልለት ይለምናል። ዶሜኑም በከፋዩ ስምና ኢሜይል ይመዘገባል። የንግድ ፈቃዱ በባለሱቁ ስም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ የሱቁ የኢንተርኔት ስም ግን በሕግ ፊት የሌላ ሰው ኾኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ ለጊዜው ሥራ እንዲቀል ተብሎ የተደረገ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲቀይር ወይም ከሀገር ሲወጣ ግን የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢከፍልም እንኳ፣ ሂሳቡ ሲከፈት በነጋዴው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር እንዲኾን አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

ዕድሳት ሲረሳ የሚኾነውን ማወቅም ያሻል። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም የክፍያ ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው ድርጅት የራሱን የእፎይታ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ስሙ ሲሰረዝ ተጨማሪ ክፍያ በመክፈል ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን አለ። እርሱም ካለፈ 5 ቀን ተጠብቆ ስሙ ለፈለገ ሰው ክፍት ይኾናል። ይህ ለእኛ አካባቢ ተራ ዝርዝር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ውጭ ሀገር ያለ ሰርቨር ሥራውን አላቋረጠም፤ ገጹ ለዋሽንግተኑ ደንበኛ ይከፈት ነበር። ከኢንተርኔት የራቀ ባለሱቅ ግን ትዕዛዙንም ኾነ የዕድሳት ማሳሰቢያውን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22/2016 ዓ.ም በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 60 ዶላር የሚከፍል ሱቅ ወጪው ከ3 ሺህ 420 ብር ወደ 6 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ አደገ ማለት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ ሲያበቃ የሚመጣው ጭማሪ ከዚህ ውጭ ነው። ኢትዮጵያን የሚወክሉትን የዶት ኢቲ ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም በመኾኑ፣ በዚያ መስመር የሚመዘገብ ነጋዴ ክፍያውን በብር ይፈጽማል።

ከሁሉ የሚያደናግረው የኢሜይሉ ጉዳይ ነው። ነጋዴው ለደንበኞቹ የበዓል ዋጋ ይልካል፤ መልስ የለም። መልዕክቱ ደርሷል፣ ያረፈው ግን አይፈለጌ መልዕክት በሚጠራቀምበት ሳጥን ውስጥ ነው። አንዱ ምክንያት ርካሽ ሆስቲንግ በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ተከራዮች መኾኑ ነው። ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨርና አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጋራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የማጭበርበሪያ መልዕክት ቢያሰራጭ የግቢው ስም ይጠፋል፤ የማር ነጋዴውም ሳያውቀው አብሮ ይጠረጠራል።

ሌላው ምክንያት የማንነት ማረጋገጫ ጉድለት ነው። ክብ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው ሁሉ፣ ጂሜይልና ያሁም ከ2016 ዓ.ም ጥር ወር መጨረሻ ጀምሮ ማረጋገጫ የሌለውን ኢሜይል በጥብቅ መቆጣጠር ጀምረዋል። ኤስፒኤፍ የተባለው መዝገብ በሱቁ ስም ለመላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም እንደ ማኅተም ነው፤ መልዕክቱ በመንገድ አለመለወጡን ያሳያል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱ ሳይሟሉ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይነግራል። ለጂሜይል ተጠቃሚዎች በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ መልዕክት የሚልክ ሦስቱንም ማሟላትና በአንድ ጠቅታ ከዝርዝር መውጫ ማበጀት አለበት፤ ቅሬታውም ከ1 ሺህ መልዕክት 3 መድረስ የለበትም። አነስተኛ ላኪም ቢኾን ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን ይጠየቃል። በነጻ የጂሜይል አድራሻ ስም በሌላ ማሰራጫ በኩል የጅምላ ማስታወቂያ መላክም መልዕክቱን ለጥርጣሬ ያጋልጣል። እነዚህ መዝገቦች የሚሞሉት በዶሜኑ ሂሳብ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለበት ነጋዴ ታዲያ ማኅተሙንም ማስቀረጽ አይችልም።

የአድራሻ ዝርዝር ከሌላ ሰው ገዝቶ መላክ የባሰ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 መሠረት ያለተቀባዩ ፈቃድ የኢሜይል ማስታወቂያ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ለማስተዋወቂያው ፈቃዳቸውን ለሰጡ ደንበኞች አዲስ ምርት ማስተዋወቅ ግን አይከለከልም። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ የተገለጸበት፣ ተቀባዩም በቀላሉ "አይላክልኝ" ማለት የሚችልበት ማስታወቂያም እንዲሁ በወንጀል አያስጠይቅም። ልብስ ሲያስረክቡ "ለሚቀጥለው በዓል ዋጋ እንላክልዎ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ከነቀኑ መመዝገብ ለዚህ ይበቃል።