የውጥረት ፕሮቲኖች በጡት ካንሰር ሕዋስ ውስጥ

ሕዋስ ሙቀት ሲበዛበት፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ወይም መርዝ ሲደርስበት ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ። ይህን ለመከላከል የሙቀት ፕሮቲኖች የሚባሉት በብዛት ይመረታሉ። ክስተቱን ኢጣሊያዊው ተመራማሪ ፌሩቾ ሪቶሳ በፍራፍሬ ዝንብ ክሮሞሶሞች ላይ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትሞታል።

የዚህ ምላሽ ዋና አዛዥ ኤች.ኤስ.ኤፍ.1 የተባለው ፕሮቲን ነው። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ እንደ ኤች.ኤስ.ፒ.90 ባሉ ፕሮቲኖች ተይዞ ያለ ሥራ ይቆያል። ውጥረት ሲከሰት ግን ይለቀቃል፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ይጣመርና በኒውክለስ ውስጥ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ተያይዞ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሣል።

በብዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ይህ ጊዜያዊ ጥበቃ ዘላቂ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኤች.ኤስ.ኤፍ.1 በካንሰር ሕዋስ ውስጥ የሚያስነሣቸው ጂኖች ሙቀት ከሚያስነሣቸው በከፊል የተለዩ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል የሕዋስ መከፋፈልንና የኃይል አጠቃቀምን የሚመሩ ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናትም ይህ ፕሮቲን በኒውክለስ ውስጥ መብዛቱ፣ በተለይ የኤስትሮጅን ተቀባይ ባላቸው ዕጢዎች፣ ከከፍተኛ የሞት መጠን ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ኤች.ኤስ.ፒ.90 በበኩሉ የኤስትሮጅን ተቀባይንና ኸር-2ን ከመፍረስ ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት እርሱን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ ተሞክረዋል። ሆኖም ኤች.ኤስ.ፒ.90 ሲታገድ ኤች.ኤስ.ኤፍ.1 ይለቀቅና ሌላውን ተከላካይ ኤች.ኤስ.ፒ.70ን ያበዛል፤ ካንሰሩን ለመምታት የተሰነዘረው በትር ጋሻውን ያስነሣል ማለት ነው።

ኤች.ኤስ.ኤፍ.1ን መለካት ገና መደበኛ ምርመራ አልሆነም። ዛሬም የሕክምናውን ምርጫ የሚመሩት የሆርሞን ተቀባዮችና የኸር-2 ምርመራዎች ስለሆኑ፣ የተወሰደው ናሙና ለእነዚህ በሚያበቃ ጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።