ገና ሳይጋጠሙ የተፈረደባቸው

በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በቀጠር አገር የተደረገውን የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ እኛም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ከቤተ ሰባችን ጋራ ሆነን በቴሌቪዥን ተመለከትነው። ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው የ32ቱን አገሮች ስም በደብተር ጽፈን፥ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ አስቀድመን በቀይ ቀለም አሰመርን። እንጀራችን የፍርድ መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ መጻፍ ነውር መሆኑን ከብዙ ሰው ይልቅ እናውቃለን፤ በቤታችን ግን ይህንኑ አደረግን። የ12 ዓመት ልጃችን ደብተሩን አይታ «አባባ፥ ሞሮኮ ከአራቱ አንዷ ትሆናለች» ብትለን፥ እንግዶች ባሉበት ሳቅንባት። እንግዶቹም ተከትለውን ሳቁ። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ሲኒውን ሰብስባ ወጣች።

መጀመሪያ ያፈርነው ኅዳር 13 ቀን ነው። አርጀንቲና ከዚያ በፊት 36 ግጥሚያ ሳትሸነፍ ቆይታ ነበርና፥ በስዑዲ ዐረቢያ ትሸነፋለች ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ አይመስለንም። በ10ኛው ደቂቃ ሊዮኔል ሜሲ ሪጎሬ ባገባ ጊዜ እኛ ነገሩ አለቀ ብለን ከወንበራችን ተነሣን። ዳሩ ግን የስዑዲ ተከላካዮች ደካማ የተባለ ቡድን እንደሚያደርገው በግባቸው አፍ አልተከማቹም፤ በአንድ መስመር ተሰልፈው ወደ ሜዳው አጋማሽ ወጡ እንጂ። ኳሱ ከአቀባዩ እግር ሳይለቅ ያንን መስመር ያለፈ አጥቂ በሕጉ ከጨዋታ ውጪ ይባላል፤ አርጀንቲናም በመጀመሪያው አጋማሽ ያገባቻቸው ሦስት ግቦች በዚሁ ሕግ ተሰረዙባት። ይህ አሠራር ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከተከላካዮቹ አንዱ አንዲት እርምጃ ቢዘገይ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይፈሩ ማድረግ ብዙ የተለማመደ ሰው ሥራ ነው። ከዕረፍት በኋላ ሳሌህ አል ሸህሪ በ48ኛው፥ ሳሌም አል ዶሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አገቡና 2 ለ 1 አሸነፉ። አሠልጣኛቸው ፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር በ2004 ዓ.ም. ዛምቢያን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃ ሰው መሆኑን እያወቅን፥ ስናሰምር ግን ከቍጥር አላገባነውም።

የስዑዲው ንጉሥ ማግሥቱ የዕረፍት ቀን እንዲሆን አዘዙ። በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ የባለቤታችን ዘመድ በዚያው ማታ ስልክ ደውላ የመንገዱን ደስታና ጩኸት አሰማችን፤ እርስዋ ግን በማግሥቱ ሥራ እንደምትገባ ነገረችን።

በማግሥቱ ጃፓን ጀርመንን እንደዚሁ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለቱን ግቦች ያገቡት ሪትሱ ዶዋንና ታኩማ አሳኖ በዚያ ጊዜ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከጀርመን ክለቦች ነበር። ይህ በእውነት ድንገተኛ ነገር ይባላልን? ጀርመኖች በገዛ ሜዳቸው በየሳምንቱ የሚያዩአቸው ሰዎች ናቸው። ጃፓን ኋላ እስጳንያን ጭምር አሸነፈች፤ ጀርመንም ከምድቧ ሳታልፍ ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ከደብተራችን የቀይ መስመሩ ግማሽ ያህሉ ሐሰት ሆኖ ነበር፤ ልጃችንም ደብተሩን በጠረጴዛው ላይ ገልጣ እየተወችልን ትሄድ ጀመር።

ሞሮኮ ቤልጅክን 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ አሽራፍ ሐኪሚ ወደ ተመልካቾቹ ሄዶ እናቱን ሲስም አየን። ይህ ልጅ በማድሪድ ከተማ የተወለደ ነው፤ እናቱ የሰው ቤት እያጸዱ፥ አባቱ በመንገድ ላይ እየነገዱ እንዳሳደጉት እርሱ ራሱ ተናግሯል። ኅዳር 27 ቀን ከእስጳንያ ጋራ 120 ደቂቃ ያለ ግብ ተጫውተው ወደ ሪጎሬ ሲደርሱ፥ በረኛው ያሲን ቡኑ ሁለቱን አዳነ፤ አንዱም ብረቱን መትቶ ተመለሰ። የመጨረሻውን የመታው ያው ሐኪሚ ነው፤ ኳሱንም በኃይል አልመታውም፤ በተወለደበት አገር በረኛ ላይ ቀስ አድርጎ በመካከል ሰደደው። ባለቤታችን እስከዚያ ድረስ ለኳስ ግድ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ማታ በኋላ ግን ስለ ሐኪሚ እናት የማይጠይቁን ቀን አልነበረም።

ልጃችንን ይህን ከየት እንዳወቀች በጠየቅናት ጊዜ፥ ሞሮኮዎች በሳሌ ከተማ አቅራቢያ ከውድድሩ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ለልጆች የኳስ ትምህርት ቤት እንደ ከፈቱ፥ የሱፍ ኤን ነስይሪም፥ ናየፍ አገርድም፥ አዘዲን ኡናሂም በዚያ እንዳደጉ አንብባ ነበር። እኛ ያላነበብነውን አንብባለች ማለት ነው።

እኛ የምናውቀውም ነገር ነበረ፤ ይህ ደግሞ ጥፋታችንን ያከብደዋል። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የዓለም ዋንጫ ሲደረግ ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረም። የአፍሪካ አሸናፊ ብቻውን በቂ አይደለም፥ ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋራ ደግሞ ይጋጠም ስለ ተባለ፥ አፍሪካውያን ይህ አይገባንም ብለው ቀሩ። ስለዚህ ነገር ከተሟገቱት አንዱ የአገራችን ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድ ቦታ በሕግ ተሰጠ፤ በዚያ ቦታ መጀመሪያ የተቀመጠችውም ሞሮኮ ናት። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በምድቧ አንደኛ ሆና በማለፍ ከአፍሪካ አገሮች ቀደመች። እንግዲህ ከ50 ዓመት በላይ በደጅ ስትጠና የቆየችውን አገር ነው ከየት መጣች ብለን የሳቅንባት።

ታኅሣሥ 1 ቀን ኤን ነስይሪ በ42ኛው ደቂቃ ዘልሎ በራሱ ባገባት ግብ ፖርቱጋል ተሸነፈች፤ ሞሮኮም ከአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ከአራቱ አንዷ ሆነች። ሶፍያን ቡፋል ከእናቱ ጋራ በሜዳው ላይ ሲጨፍር፥ በቤታችን ያሉት እንግዶች ቀድሞ የሳቁት እነዚያው ነበሩ። ተነሥተን በፊታቸው «ልጄ፥ ያን ቀን በድለንሻል፤ ይቅር በይን» አልናት። አባት ለልጅ እንዲህ ማለቱን ያልወደዱ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እርስዋ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ ቈይታም ቀይ ብዕራችንን ወሰደች።

ታኅሣሥ 5 ቀን ፈረንሳይ ሞሮኮን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ልጃችን ታዝናለች ብለን ልናጽናናት ቀረብን። «እኔ ከአራቱ አንዷ ትሆናለች አልኩ እንጂ ከሁለቱ መች አልኩ፥ አባባ?» ብላ በደብተሩ ላይ የፈረንሳይን ስም አሰመረችበት።